ዋና ከተማ ልትሆን የነበረችውን አዲስ ዓለምን በሁለት ሰዓት ማስጎብኘት

ባለፈው ሴሚስተር በጋይዲንግ ኮርስ የተሰጠን ፕራክቲካል በምዕራብ ሸዋ ካሉት ከተሞች አንዱን መርጦ ለክፍል ጓደኞች በሁለት ሰዓት ውስጥ ማስጎብኘት ነበር። እኔ የመረጥኩት አዲስ ዓለምን ነው። ከሃያ ማርክ ያገኘሁት አሥራ ሦስት። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው፣ ጽሑፉን የሚያነብ ሰው «ይኼ ልጅ ምን አውቆ ነው የሚያስተምረን?» ማለቱ ስለማይቀር ነው። የጎደሉት ሰባት ማርኮች በምን በምን እንደጎደሉ ግን በደንብ አውቃለሁ፤ ለሚቀጥለው ባች ይጠቅማል ብዬ የማስበውም እሱን ነው።

ስለ አጭር ጉብኝት መጀመሪያ የሰማሁት ክፍል ውስጥ አይደለም፤ ከኤሱማዬ ነው። (ኤሱማ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ነው፤ ቤታችን በአማርኛ ስናወራ እንኳ አጎቴ አንለውም።) ጊንጪ ላይ የጤፍ ነጋዴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለቤቱን ለማሳከም የታይላንድ ዋና ከተማ ባንኮክ ድረስ ሄዶ ነበር። ከአገራችን ወደ ባንኮክ ለሕክምና የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፤ አየር መንገዳችንም እዚያ ይበርራል። የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ሁለት ቀን ጠብቁ ተባሉ። ኤሱማ ከአልጋው ሥር ከወዲያ ወዲህ ሲል ሚስቱ ሰለቻትና «እስቲ ወጣ በልና ከተማውን እይ፤ እንዲህ ፊቴ ላይ ስትመላለስ በሽታዬን ታብስብኛለህ» አለችው። እሱም ያረፈበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ለግማሽ ቀን ጉብኝት ተመዘገበ።

የዚያን ግማሽ ቀን ታሪክ ቡና በተፈላ ቁጥር ሰምቼዋለሁ። ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ኤሱማ እንግሊዝኛው የስምንተኛ ክፍል ነው፤ በዚያ ላይ ልቡ ሆስፒታል ውስጥ ነበር። ያም ሆኖ ሴትዮዋ የነገረችውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። እኛ ተማሪዎች ሙሉ ሴሚስተር የተማርነውን ከፈተና ማግሥት እንረሳው የለም እንዴ?

ባንኮክ ላይ የሆነው

አስጎብኚዋ ከሆቴሉ የወሰደችው ጠዋት ነው። ታላቁ ቤተ መንግሥት በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚከፈተው፤ እሷ ደግሞ ፀሐዩም ሕዝቡም ሳይበረታ በሩ ላይ መድረስ ትፈልጋለች። መኪና ውስጥ ስለ ከተማው ታሪክ ምንም አላለችም። የነገረችው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ትከሻና ጉልበት የሚያሳይ ልብስ ለብሶ መግባት አይፈቀድም፤ ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ኤሱማ በዚህ ደስ አለው፤ «እንደኛው ናቸው» አለ። ሁለተኛ፣ በሩ አካባቢ ደህና የለበሰ ሰው መጥቶ «ዛሬ ዝግ ነው፤ ና ሌላ ቦታ ላሳይህ» ቢለው እንዳይሰማው። ይህ በባንኮክ የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው፤ እንግዳውን በሦስት እግር ባጃጅ ጭነው ኮሚሽን ወደሚከፈላቸው የጌጣጌጥ ሱቅ ይወስዱታል። አሁን ሳስበው ሴትዮዋ ከታሪኩ በፊት ያስቀደመችው እንግዳው የሚያፍርበትንና የሚታለልበትን ነገር ማስወገድ ነበር። ሰው ተጨንቆ ታሪክ አይሰማማ።

ግቢው ውስጥ ከገቡ በኋላም ቶሎ አላወራችም። አንድ ጥላ ያለበት ቦታ አቆመችውና እንዲያይ ተወችው። ወርቃማው ጣሪያ፣ በትናንሽ መስተዋት የተሸፈነው ግድግዳ፣ ሁሉም ያብለጨልጫል። አይቶ ሲጨርስ ነው በአጭር በአጭሩ የነገረችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው የአገሪቱ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚያከብሩትን አረንጓዴውን የቡድሃ ምስል አየ። ቁመቱ 66 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። «ይኼን ሁሉ ቤት ለዚህች!» ብሎ ሊስቅ ሲል የሰዎቹን አሰጋገድ አየና ዝም አለ። ታቦትስ ቢሆን በትልቅነቱ ነው እንዴ የሚከበረው?

ቀጥለው ዋት ፖ ወደሚባለው ቤተ መቅደስ ሄዱ። እዚያ በጎኑ የተጋደመ የቡድሃ ሐውልት አለ፤ ርዝመቱ 46 ሜትር፣ ከፍታው 15 ሜትር። ኤሱማ በእርምጃ ለካው። የነጋዴ ነገር ሆኖበት «ወርቁ ስንት ኪሎ ይሆናል?» ብሎ ጠየቃት። ውስጡ ጡብና ኖራ እንደሆነ፣ ወርቁ ከላይ የተለበጠ ስስ ቅብ እንደሆነ ነገረችው። «ኪሎውን ግን አላውቀውም፤ ጠይቄ እነግርሃለሁ» አለችው። ከሐውልቱ ጀርባ በግድግዳው በኩል 108 የነሐስ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ ሰው እየዞረ በየሳህኑ ሳንቲም ይጥላል። ኤሱማ በሃይማኖቱ ምክንያት አልጣለም፤ ግን አንድ ጥግ ይዞ የሳንቲሞቹን ድምፅ ሲሰማ ቆየ። አስጎብኚዋም አልጠራችውም። ያን ጊዜ ስለ ሚስቱ ያስብ እንደነበር የነገረን ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

መጨረሻ ላይ ወንዙ ዳር ወሰደችው። ቻዎ ፕራያ ይባላል። ማዶውን እያሳየች «ድሮ ዋና ከተማው እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1782 ንጉሡ ወደዚህ ማዶ አሻገሩት» አለችው። ቶንቡሪ የምትባለው የማዶዋ ከተማ ዋና ከተማ ሆና የቆየችው አሥራ አምስት ዓመት ያህል ነው። ከዚያ በጀልባ ተሻግረው ዋት አሩን የሚባለውን ባለ ረጅም ግንብ ቤተ መቅደስ አዩና ተመለሱ። በቃ፣ ግማሽ ቀኑ ይኸው ነው። አራት ቦታና አንድ ወንዝ። በባንኮክ የቤተ መቅደሱ ብዛት በመቶ የሚቆጠር ነው፤ ሴትዮዋ ግን አንዱንም «ይቅርታ፣ ጊዜ ስለሌለን ነው» አላለችም።

ከአምቦ እስከ አዲስ ዓለም

የፕራክቲካሉ ርዕስ ሲሰጠን ይህ ወንዝ ትዝ አለኝ። ዋና ከተማ በአንድ ንጉሥ ውሳኔ ሊሻገር እንደሚችል የእኛም አካባቢ ያውቃልና። አዲስ ዓለም ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1892/93 ዓ.ም ገደማ አዲስ አበባን ትተው ዋና ከተማቸውን ወደዚች ቦታ ለማዛወር ወስነው ነበር። ቤተ መንግሥቱ ተጀመረ። ስሟም ያንን ይመሰክራል።

የሚዛወርበት ምክንያት ማገዶ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ከተመሠረተች በኋላ ሕዝቡ በፍጥነት በዛ፤ ቤቱ የሚሠራው በእንጨት፣ አጥሩ በእንጨት፣ እንጀራው የሚጋገረው በእንጨት። በአሥር በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ዙሪያው ተራቆተና እንጨት ከሩቅ የሚመጣ ነገር ሆነ። የንጉሥ ከተማ እንጨት ሲያልቅ መነሣቱ ደግሞ አዲስ አልነበረም፤ ምኒልክ ራሳቸው ከአንኮበር እስከ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ ፍልውሃው ሜዳ የተዛወሩ ናቸው። ይህኛው ግን ሳይሆን ቀረ። መኳንንቱም የውጭ ሌጋሲዮኖችም አዲስ አበባ ላይ ደህና ደህና ቤት ሠርተው ነበር። በዚያ ላይ በ1887 ዓ.ም ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶና ለቤት የሚደርስ ሆኖ ተገኘ። ሁለትና ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ሐሳቡ ተቀየረ፤ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ወደ ቤተ ክርስቲያን ተለወጠ። የዛሬዋ አዲስ ዓለም ማርያም እሷ ናት።

ነገሩን ሳጠናው በጣም ሞቀኝ። መጥፎው ነገር እሱ ነው። የመጀመሪያው እቅዴ ላይ ዘጠኝ ማረፊያ ጽፌ ነበር፤ የአድዋ ዘመቻ፣ የምኒልክ የዘር ሐረግ፣ የሸዋ ነገሥታት የከተማ ዝውውር በሙሉ አለበት። ልምምዱን አምቦ ላይ ዶርማችን ጀርባ ሦስት ጓደኞቼን አቁሜ አደረግሁት። አርባ ደቂቃ አወራሁ፤ ገና ሣህለ ሥላሴ ላይ ነበርኩ። አንደኛው ልጅ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ሁለተኛው ስልኩን አወጣ። ሦስተኛዋ ብቻ በትዕግሥት ሰምታኝ ስታበቃ «ይኼን ሁሉ ለመስማት አዲስ ዓለም ድረስ መሄድ ለምን አስፈለገ?» አለችኝ። ማታውን ተናድጄ አደርኩ፤ ጠዋት ላይ ግን ጥያቄዋ የኮርሱ ሁሉ ጥያቄ እንደሆነ ገባኝ። እዚያው ቆሞ በዓይን የማይታይ ነገር፣ እዚያ ቆሞ የሚነገርበት ምክንያት የለም። ዘጠኙን ማረፊያ ወደ ሦስት አወረድኳቸው፤ ሦስቱንም የሚያያይዘው ክር አንድ ሆነ፤ እንጨት።

አውቶቡሱ ከአምቦ ሲነሣ የባንኮኳን ሴትዮ ልምሰል ብዬ ታሪክ አላወራሁም። ስለ ነጠላና ስለ ጫማ፣ ስለ ሽንት ቤት፣ ፎቶ ማንሣት ስለሚፈቀድበትና ስለማይፈቀድበት ተናገርኩ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። (አንዷ ግን ሱሪ ለብሳ መጥታ ስለነበር ከጓደኛዋ ነጠላ ተዋሰች።) ጊንጪ አጠገብ አዋሽ የሚነሣበት አገር እንደሆነ ጠቆምኩ። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ የሚቀረው ወንዝ ከዚህ ሲነሣ አንድ ልጅ ዘልሎ የሚሻገረው ጅረት ነው። ይህ ክሩ ውስጥ የለም፤ ግን መስኮት ላይ የሚታይን ነገር ማለፍም ይከብዳል።

ከባዱ ጊንጪ ራሷ ነበረች። ስለ አንዲት መዲና መምጣትና አለመምጣት የሚያወራ አስጎብኚ ጊንጪን ዝም ብሎ ሊያልፋት ይችላል? ኅዳር 2008 ዓ.ም የጊንጪ ተማሪዎች ሰልፍ የወጡት በአንድ ኳስ ሜዳና በጭሊሞ ደን ምክንያት ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ተቃውሞው ኦሮሚያን አዳረሰ። ከኋላው የነበረው ትልቁ ጥያቄ የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞች ማስተር ፕላን ነበር። ከዚያ በፊት፣ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም፣ በዚሁ ፕላን ምክንያት አምቦ ላይ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም ተሰረዘ። አውቶቡሱ ውስጥ በዚያን ጊዜ ወንድሙን ያጣ ሰው ሊኖር ይችላል። «በቅርቡ የሆነውን ታሪክ አናነሣም» ብሎ ማለፍ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ብዙ አስጎብኚ የሚመርጠውም እሱን ነው። እኔ ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ፤ ዓመቱን፣ ሜዳውንና ደኑን፣ የፕላኑን መሰረዝ። አስተያየት አልጨመርኩም። አውቶቡሱ ፀጥ አለ፤ እስከ ከተማው ዳር ድረስ ማንም አላወራም። ኢንስትራክተራችን ኋላ «ጥሩ ነው፤ ግን ከዚህ በላይ ብትናገር ጉብኝቱ ስለ ሌላ ነገር ይሆን ነበር» አሉኝ። አሁንም በዚህ ላይ ልቤ ሁለት ነው። ሦስት ዓረፍተ ነገር ለዚያ ነገር ይበቃል ወይ? በሌላ በኩል ደግሞ የሰው ሐዘን መንገድ ላይ በማይክሮፎን ሊነገር ይገባል ወይ?

ሦስቱ ማረፊያዎች

የመጀመሪያው ማረፊያ አስፋልቱ ዳር አጣና የተከመረበት ነው። ጓደኞቼ «እዚህ ምን አለ?» አሉ። እኔም ዝም ብዬ ባሕር ዛፉን አሳየሁ። ቀጥሎ እንዲህ አልኩ፤ «ይህች ከተማ ዋና ከተማ ያልሆነችው በዚህ ዛፍ ምክንያት ነው።» ከዚያ በኋላ አራት ደቂቃ በቃኝ። የቦታው የኦሮምኛ ስም ኤጀርሳ ነው፤ ኤጀርሳ ማለት ወይራ ነው። እንጨት ፍለጋ የመጣ ቤተ መንግሥት፣ በወይራ ስም በሚጠራ አገር ላይ አርፎ፣ ከውጭ በመጣ ዛፍ ምክንያት ተመለሰ። ሁለቱን ስም አንድ ላይ መናገር አለብኝ ብዬ የወሰንኩት አስቀድሜ ነው፤ «አዲስ ዓለም» ብቻ ካልኩ ቦታው ከምኒልክ በፊት ሰው ያልነበረበት ያስመስለዋል፤ «ኤጀርሳ» ብቻ ካልኩም ቤተ ክርስቲያኗ ከየት መጣች? የወረዳው ስም ዛሬ ኤጀሬ ነው።

እዚሁ ላይ ሰፋ አድርጌ ስለ ሌሎች አገሮች አንድ ደቂቃ ጨመርኩ። ምያንማር እ.ኤ.አ. በ2005 መሥሪያ ቤቶቿን ከያንጎን አንሥታ አዲስ ወደ ተሠራው ኔፒዶው ወስዳለች። ኢንዶኔዥያ ደግሞ ጃካርታ መሬቷ እየሰመጠ ስለሆነ ኑሳንታራ የምትባል አዲስ መዲና ቦርኒዮ ደሴት ላይ መገንባት ጀምራለች፤ የወጣው ሕግ እ.ኤ.አ. የ2022 ነው። መዲናን የማዛወር ምክንያት በእኛ ማገዶ፣ በእነሱ ውሃ ሆነ ማለት ነው። ጓደኞቼ ይህን ወደዱት። ይሁንና ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ነበር፤ እኔ ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ ቆሜ አላስተዋልኩም። አንድ ማርክ በዚህ ሄደ። አስጎብኚ ፊቱን ለፀሐይ ይሰጣል፣ እንግዳው ጀርባውን፤ ኮርሱ ላይ ተጽፎ ያነበብኩት ነገር ነው፤ ግን ማን ያስታውሰዋል።

ሁለተኛው ማረፊያ ዳገቱ ላይ ያለው የማርያም ግቢ ነው። ጫማችንን አውልቀን ገባን። እዚህ ላይ የባንኮኳን ሴትዮ በደንብ መሰልኳት፤ አስቀድሜ አላወራሁም። ቤተ ክርስቲያኗ በአካባቢያችን እንደለመድነው ክብ አይደለችም፤ አራት ማዕዘን ናት። አንዱ ጓደኛችን ራሱ «ለምን ክብ አልሆነችም?» አለ። የምፈልገው ይህንን ነበር። ጥያቄው ከእንግዳው አፍ ሲወጣ መልሱ አይረሳም። አዳራሽ ሊሆን የተጀመረ ቤት መሆኑን ነገርኩት። ሁሉም ወደ ላይ ወደ ጣሪያው አዩ፤ ሥዕሎቹን፣ አምዶቹን፣ መስኮቶቹን በሌላ ዓይን ማየት ጀመሩ። ንጉሥ ሊቀመጥበት የነበረ ቦታ ላይ ካህን ሲቀድስበት ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እዚህ ብዙ ቆየን። ማንም እንሂድ አላለም፤ እኔም አላጣደፍኩም። ሁለት ማርክ በሰዓት ምክንያት የጎደለው በዚህ ነው፤ በዚህኛው ግን አልቆጭም።

ሦስተኛው ማረፊያ ሙዚየሙ ነው። የዚያን ዘመን ነገሥታት ቅርሶች፣ አልባሳትና የጦር መሣሪያዎች አሉበት። ሰዓቱ ስላለቀ ሩጫ ሆነብን፤ ስለዚህ ብዙ የምለው የለኝም። ለሚቀጥለው ባች ምክሬ፣ ሙዚየምን መጨረሻ ላይ አታድርጉ፤ ሰው ሲደክመው የመስተዋት ሣጥን ሁሉ አንድ ይሆንበታል።

አራቱ ማርኮች

ከግቢው ስንወጣ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ከዘራቸውን ይዘው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ማጠቃለያ ለመናገር ቆምኩ። ያቺ አምቦ ላይ የሰማችኝ ልጅ ጠየቀችኝ፤ «ይኼን ሁሉ ስንት ሰው ሠራው? እንጨቱንና ድንጋዩን ማን ተሸከመ?»

አላዘጋጀሁም ነበር። ዘጠኙን ማረፊያ ሳዘጋጅ፣ ወደ ሦስት ሳወርድ፣ ስለ ንጉሡ፣ ስለ እቴጌዪቱ፣ ስለ መኳንንቱ፣ ስለ ሌጋሲዮኑ፣ ስለ ዛፉም ሳይቀር አንብቤአለሁ። ስለ ተሸካሚው አንድ መስመር አልጻፍኩም። ሁሉም እኔን ያያሉ፤ ኢንስትራክተራችን እስክሪብቶአቸውን ይዘዋል። አፌ ዝም አላለም። «አምስት ሺህ ያህል ሰው» አልኩ። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ዛሬም አላውቅም። ግን በጣም ረግጬ ነው የተናገርኩት፤ ሁለት ልጆች ደብተራቸው ላይ ሲጽፉ አየሁ።

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ልጄ፣ አንተ ቆጥረሃቸዋል?»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ። «አይ አባባ፣ ተጽፎ አንብቤ ነው» አልኩ። ይህ ሁለተኛው ውሸት ነው።

«እንግዲያው ጥሩ» አሉ፤ አልሳቁም። «የእኔም አያት እንጨት ይሸከሙ ነበር ይባላል። ከአምስት ሺሁ ውስጥ ስንተኛው ናቸው? ተጽፎ ካየኸው ንገረኝ፤ ስማቸውም ካለ።»

ሳቁ ጠፋ። መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠይቄ፣ ቁጥሩን ከራሴ እንዳመጣሁት እዚያው ብናገር ኖሮ ምናልባት ነገሩ በዚያ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ሰዓቴን አይቼ «በሉ አውቶቡሱ እየጠበቀን ነው» አልኩ። አምቦ እስክንደርስ ድረስ ከማንም ጋር አላወራሁም። ኢንስትራክተራችን ማርኩን ሲሰጡኝ አራቱን ለምን እንደቆረጡ አልነገሩኝም፤ ወረቀቱ ላይ «5,000» ብለው ጽፈው በክብ ከበውታል።

በዓል ላይ ጊንጪ ስሄድ ይህንን ለኤሱማ ነገርኩት። ሚስቱ ቡናውን እያቀረበች ነበር፤ ዛሬ ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ኤሱማ ምንም ሳይለኝ ቦርሳውን ከኪሱ አወጣ፤ ከመታወቂያው ጀርባ አራት ቦታ የታጠፈ የሆቴል ወረቀት ነበረ። ስለዚህ ወረቀት ነግሮን አያውቅም። በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ተጽፎበታል። ያቺ አስጎብኚ ከጉብኝቱ ማግሥት ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ላይ የተወችለት ነው። ቤተ መቅደሱ ውስጥ የሚሠራ ሰው እንደጠየቀች፣ የወርቁን ክብደት ግን የሚያውቅ እንዳላገኘች፣ ስለዚህም ይቅርታ እንደምትጠይቅ ይላል። ለባለቤቱም ጤና ትመኛለች። ኤሱማ «ይህን ወረቀት ያገኘሁት ውጤቱ በመጣ ዕለት ነው» አለና አጥፎ መለሰው። «ሐኪሙም ከዚያ በፊት አላውቅም ይለኝ ነበር፤ ያን ዕለት ደህና ናት ሲለኝ አመንኩት።»

ወደ ኮሌጅ ከመመለሴ በፊት በሚኒባስ ወደ አዲስ ዓለም ሄድኩ። ሽማግሌው በዚያው ድንጋይ ላይ አልነበሩም፤ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ቤታቸውን አሳየችኝ። አላወቁኝም። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው «ያ ቆጣሪው!» ብለው ሳቁ። ቁጥሩን ከራሴ እንዳመጣሁት ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላም መጻሕፍት ውስጥ ፈልጌ የተሸካሚዎቹን ስም የያዘ ነገር እንዳላገኘሁ ነገርኳቸው። «ታዲያ ይህንን ልትነግረኝ ነው ከጊንጪ የመጣኸው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ብርጭቆ ጠላ አስቀዱልኝ። ደብተሬን አውጥቼ የአያታቸውን ስም ጠየቅኳቸው፤ እስከ ቅድመ አያታቸው ድረስ ቆጠሩልኝ፤ በየትኛው መንገድ እንጨቱ እንደሚመጣም ከአባታቸው የሰሙትን ነገሩኝ። አንድ ገጽ ተኩል ሆነ።

ስሙን እዚህ ያልጻፍኩት ቡሌቲን ላይ እንደሚወጣ ስላልነገርኳቸው ነው። ለትንሣኤ ሳልፍ እጠይቃቸዋለሁ።